ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየና ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትን ሰው ስፖርት ማስጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በዋናነት ለአሠልጣኞች የተዘጋጀ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ከፍተኛ ውፍረት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው «ስፖርት ጀምር ተብያለሁ» ብሎ ሲመጣ የሚነሡ ጥያቄዎች ተሰብስበውበታል። እንዲህ ያለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የአጀማመሩ ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ቁጥሮች ለአንዳንድ አሠልጣኝ እጅግ ዝቅ ያሉ ሊመስሉት ይችላሉ። ዝቅ ያሉት ሆን ተብሎ ነው።

«ሳይንቀሳቀስ የቆየ» የሚባለው ማን ነው?

ባለፉት 3 ወራት፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ በየቀኑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በዕቅድ ያላደረገ ሰው ሁሉ ከዚህ ይመደባል። ቆሞ የሚውል ወይም የቤት ውስጥ ሥራ የሚበዛበት ሰውም ቢሆን ይህን ካላሟላ ከመነሻው ይጀምራል። ከሁሉም በላይ የሚያሠጋው ግን በወጣትነቱ ስፖርተኛ የነበረ ሰው ነው። የድሮውን ፍጥነትና የድሮውን ክብደት ያስታውሳል፤ ልቡ፣ ጅማቱና መገጣጠሚያው ግን ከዚያ አቅም ከወጡ ቆይተዋል። ለእሱ በመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነቱን የሚወስኑት እርስዎ እንጂ እሱ መሆን የለበትም።

ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ሐኪም ማየት ግዴታ ነው?

ለሁሉም አይደለም። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሻሻለው የቅድመ ልምምድ ማጣሪያ በጥቂት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ ሰውየው አሁን ይንቀሳቀሳል ወይ? የታወቀ የልብና የደም ቧንቧ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም አለበት ወይ? እነዚህን ሕመሞች የሚያስጠረጥር ምልክት አለው ወይ? ምን ያህል ጠንካራ እንቅስቃሴ ሊጀምር አስቧል?

የማይንቀሳቀስ ሆኖ ሕመምም ምልክትም የሌለው ሰው ቀላልና መካከለኛ እንቅስቃሴ ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊጀምር ይችላል። ከተጠቀሱት ሕመሞች አንዱ ያለበት ሰው ምንም ባይሰማውም አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግራል፤ ከተፈቀደለት በኋላም በቀላሉና በመካከለኛው ይጀምራል። ምልክት ያለበት ሰው ደግሞ ሕመሙ ታወቀም አልታወቀም፣ ሐኪም ሳያየው አንድ ዙር እንኳ አይሠራም።

አሠልጣኞችን የሚያደናግራቸው አንድ ነጥብ አለ። በዚህ ማጣሪያ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ውፍረትና ሲጋራ ማጨስ ለአደጋ አጋላጭ ነገሮች እንጂ በራሳቸው ወደ ሐኪም የሚያስልኩ ሕመሞች ተደርገው አልተቆጠሩም። የኛ ምክር ግን፣ በተለያየ ቀን ተለክቶ ግፊቱ 160/100 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ ነው። ግፊቱ ባልተያዘ ሰው ላይ ፕሮግራም መገንባት በልቅ መሠረት ላይ እንደመገንባት ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን? ስፖርት ለልብ ጥሩ አይደለም?

ጥሩ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ከማንም ይበልጥ ያስፈልገዋል። አደጋው ያለው ድንገተኛ ከባድ ጉልበት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት ከ1 ጊዜ በታች የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ከባድ ጉልበት ባወጡ በ1 ሰዓት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚደርስባቸው ዕድል በሌላው ጊዜ ካለው 107 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። በሳምንት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚንቀሳቀሱት ግን ጭማሪው 2.4 እጥፍ ብቻ ነበር። ለአንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለው ትክክለኛ ዕድል በጣም ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ ሊያስፈራ አይገባም። ቁጥሩ የሚያሳየው ወደ ጠንካራው እንቅስቃሴ የሚወስደው መንገድ በቀላሉ በኩል እንደሚያልፍ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምን ልጠይቅ?

መጠይቅ ብቻ ሰጥተው አይተዉት። ብዙ ሰው «የደረት ሕመም አለብህ?» ሲባል «የለብኝም» ይላል፤ «ደረጃ ስትወጣ ደረትህን ጫን ወይም ጨምደድ የሚያደርግህ ነገር አለ?» ሲባል ግን «እሱማ አለ፣ ጨጓራ ነው ብዬ ነው» ይላል። ስለዚህ በሚያውቀው ቋንቋ ይጠይቁት። ከሰው ጋር እየተጨዋወተ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥረዋል? ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ይነቃል፣ ወይስ ብዙ ትራስ ካልደረበ መተኛት አይችልም? ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል? በእግሩ ሲሄድ ባቱን ጨምድዶ ይዞት ሲቆም ይለቀዋል? ራሱን ስቶ ያውቃል? ልቡ ያለ ምክንያት ይመታል ወይም ይዘላል?

ቀጥሎ የመድኃኒት ዝርዝር ነው፤ ከየትኛውም ወረቀት የበለጠ ይናገራል። «የግፊት ኪኒን» የሚለው መልስ አይበቃም። ማሸጊያውን ይዞ ይምጣ፤ ስሙን፣ መጠኑንና የሚወስድበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ያለፈ ቀዶ ጥገና፣ የወደቀበት ጊዜ፣ የዓይንና የእግር ሁኔታም ይጠየቁ።

ከዚያ ቀላል መለኪያዎች ይወሰዳሉ፦ በዕረፍት ላይ ያለ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የወገብ ዙሪያ፣ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ክንድን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር የሚነሣበት ብዛት (የወንበሩ ከፍታ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ በኋላም በዚያው ወንበር ይለካ) እና በ6 ደቂቃ በእግር የሚሸፍነው ርቀት። ለዚህ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት መለካት ወይም እስኪደክመው ማስሮጥ ምንም ጥቅም የለውም።

ለሐኪሙ ምን ብዬ ልጻፍ?

«ስፖርት መሥራት ይችላል?» ብለው ከጻፉ «ይችላል» የሚል አንድ ቃል ይመለስልዎታል፤ ምንም አይረዳዎትም። ያሰቡትን ይዘርዝሩ፦ «በሳምንት 3 ቀን፣ 10 ደቂቃ ቀስ ያለ የእግር ጉዞ፤ በሳምንት 2 ቀን በላስቲክና በቀላል ዳምቤል፣ በ1 ዙር ከ8 እስከ 10 ድግግሞሽ፤ በ12 ሳምንት ውስጥ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ ማድረስ።» ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የልብ ምቱ ማለፍ የሌለበት ወሰን አለ? የሚከለከል እንቅስቃሴ አለ? የሚወስደው መድኃኒት በልምምድ ቀን በሰዓትም ሆነ በመጠን ማስተካከያ ያስፈልገዋል? የመጨረሻውን የሚመልሰው ሐኪም ብቻ ነው። አሠልጣኝ ኪኒን አያስቀንስም፣ አያስጨምርም፣ «ዛሬ ዝለለው» አይልም።

የደም ግፊቱ ስንት ሲሆን ነው ልምምዱ ለዚያ ቀን የሚቀረው?

ከቁጥሩ በፊት አለካኩ ይስተካከል። ሠልጣኙ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር መሬት ላይ አድርጎ ለ5 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ክንዱ በልቡ ትይዩ ይደገፍ፤ ካለፈው 30 ደቂቃ ወዲህ ቡና ያልጠጣ፣ ያላጨሰ፣ ደረጃም ያልወጣ ይሁን። በሚለካበት ጊዜ አያውራ። ለወፍራም ክንድ ትንሽ ማሰሪያ ከተጠቀሙ ውጤቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ በየጂሙ የሚታየው ዋናው ስህተት ይህ ነው። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ።

የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ካልወረደ የዕለቱ ልምምድ ይቀራል፤ በዚያው ቀን ሐኪሙን ያነጋግራል። ከዚህ ቁጥር ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም ወይም የአንድ ጎን መድከም ካለ ጉዳዩ የድንገተኛ ሕክምና ነው። የግፊት ማነስም አይረሳ፤ የላይኛው ከ90 በታች ሆኖ የሚያዞረው ከሆነ አይሠራም።

በልምምድ ወቅት የላይኛው ግፊት መጨመሩ ጤናማ ነው። የላይኛው ከ250 ወይም የታችኛው ከ115 ካለፈ ይቆማል። ጥንካሬው እየጨመረ የላይኛው ግፊት ከ10 በላይ ከወረደ ግን ልብ የሚፈለግበትን ደም መርጨት እንዳቃተው ሊያመለክት ስለሚችል፣ ይህ ከመጨመሩ ይልቅ ያሳስባል።

የትኞቹ መድኃኒቶች ዕቅዱን ይለውጣሉ?

ቤታ ብሎከር የሚባሉት (አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ካርቬዲሎል) የልብን ምት ይገታሉ። ሠልጣኙ እያለከለከ የልብ ምት የሚለካው የእጅ ሰዓቱ 105 ሊያሳይ ይችላል። በዕድሜ የተሰላ የልብ ምት ግብ ለእሱ አይሠራም፤ አሠልጣኙ ቁጥሩን ካመነ ሰውየውን ከአቅሙ በላይ ይነዳዋል። ዲልቲያዜምና ቬራፓሚልም ምት ይቀንሳሉ። ቤታ ብሎከር ከኢንሱሊን ጋር ሲወሰድ ደግሞ የስኳር መውረድን የሚያስታውቁትን የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ሊደብቅ ይችላል፤ ላቡ ግን ይቀራል፤ እሱን ይከታተሉ።

እንደ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ያሉ የደም ቧንቧን የሚያሰፉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ከልምምዱ በኋላ ግፊቱ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ትሬድሚሉን አጥፍቶ ወዲያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ይዞረዋል፤ ማብረጃውን ወደ 10 ደቂቃ ያስረዝሙለት። ሽንት የሚያበዙት (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ፉሮሴማይድ) በሙቀት ጊዜ ውኃና ማዕድን ያሳጣሉ፤ ማዞርና የጡንቻ መኮማተር ያመጣሉ። ለልብ ወይም ለኩላሊት ሕመም ፈሳሽ የተገደበለት ሰው ግን ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚወስነው ሐኪሙ ስለሆነ «ውኃ በብዛት ጠጣ» አይባልም። የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከመውደቅና ከመጋጨት ይጠበቅ። ለልብ የደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን የታዘዘለት ሰው መኪና ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይያዘው።

ጥንካሬውን በልብ ምት ልለካ ወይስ በስሜት?

በንግግር ይጀምሩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ የሚናገር ከሆነ እንቅስቃሴው ቀላል ነው፤ መናገር እየቻለ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ ነው፤ ከጥቂት ቃል በኋላ ትንፋሽ የሚሰበስብ ከሆነ ጠንካራ ነው። ከዚህ ጋር ከ0 እስከ 10 ያለውን የድካም መለኪያ ያስተምሩት፦ 0 መቀመጥ፣ 10 ከዚያ በላይ የማይቻል፤ ከ5 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 8 ጠንካራ ነው። ጀማሪ 3 እና 4 ላይ ይቆያል።

ምት የሚገታ መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ስሌቱም ይረዳል። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን የመቀነሱ ልማድ ለአንድ ግለሰብ በ10 እና 12 ምት ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል። ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ላይ መቀነሱ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ይሻላል፤ ያም ቢሆን ግምት ነው። ለምሳሌ የ52 ዓመት ሰው፣ የዕረፍት ምቱ 78 ቢሆን፦ ከፍተኛው 172 ያህል ነው። ከ172 ላይ 78 ሲቀነስ 94 ይቀራል፤ የሚሠራበት ክፍተት ይህ ነው። የ94 ሠላሳ በመቶ 28 ሲሆን ከ78 ጋር 106 ይሆናል፤ አርባ በመቶው 116 ላይ ያደርሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ106 እስከ 116 ይሠራሉ። የመካከለኛው ጣሪያ 59 በመቶ ሲሆን ወደ 133 ያህል ነው። ሰዓቱና ንግግሩ ካልተስማሙ ንግግሩን ይመኑ።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ምን ይምሰሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ጨምሮ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛን የሚጠብቁ ልምምዶች ይጨመራሉ። 150 መድረሻ ነው፤ የመነሻ ቁጥር አድርጎ መስጠት ሰውን በ2 ሳምንት ውስጥ ያስቀራል።

አንድ የሚሠራ አካሄድ እንዲህ ነው። 1ኛ ሳምንት፦ 3 ቀን በ10 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 30። 10 ካልቻለ 5 ሄዶ፣ ተቀምጦ አርፎ፣ ሌላ 5። 2ኛ ሳምንት፦ 4 ቀን በ10 ደቂቃ፣ 40። 3ኛና 4ኛ፦ 4 ቀን በ15፣ 60። 5ኛና 6ኛ፦ 4 ቀን በ20፣ 80። 7ኛና 8ኛ፦ 5 ቀን በ20፣ 100። 9ኛና 10ኛ፦ 5 ቀን በ25፣ 125። 11ኛና 12ኛ፦ 5 ቀን በ30፣ 150። እስከ 6ኛው ሳምንት ድካሙ ከ4 አይለፍ። ከ7ኛው ጀምሮ፣ ቀን ወይም ደቂቃ ባልተጨመረበት ሳምንት፣ ከጉዞው መሐል የ5 ደቂቃውን ድካም ወደ 5 ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ የ10 ደቂቃውን፣ ከዚያ የ15ቱን። ፍጥነቱን ለመገመት፣ በደቂቃ 100 እርምጃ ለብዙ አዋቂ የመካከለኛ ጥንካሬ መነሻ ነው።

እነዚህ ደቂቃዎች የዋናው ልምምድ ናቸው። ከፊታቸው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከኋላቸው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማብረጃ ይጨመራል። ጊዜ ባጠረ ቀን የሚቆረጠው መሐሉ ነው እንጂ ሁለቱ ጫፎች አይደሉም፤ የልብ ምት መዛባትና ራስን መሳት የሚመጡት በድንገት በመጀመርና በድንገት በማቆም ነውና።

ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨመራል። ቅደም ተከተሉም የቀኑ ብዛት፣ ከዚያ ደቂቃው፣ በመጨረሻ ጥንካሬው ነው። ቀኑም ደቂቃውም ክብደቱም በአንድ ሳምንት አብረው ካደጉና ጉልበቱ ካበጠ፣ የትኛው እንዳሳበጠው ማወቅ አይቻልም። ሳምንቱ ከከበደው ያው ሳምንት ይደገም፤ ሠንጠረዡ ለሰውየው እንጂ ሰውየው ለሠንጠረዡ አልተሠራም።

ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ክብደት ማንሳት አደገኛ አይደለም?

በትክክል ከተሠራ ያስፈልገዋል። ጡንቻ ስኳርን ከደም ውስጥ የሚያነሣ ትልቁ አካል ነው፤ ጠንካራ እግር ያለው ሰው ደረጃ ሲወጣም ልቡ ያነሰ ይለፋል። የሚያሰጋው ትንፋሽን አፍኖ መግፋት ነው። እጅግ ከባድ ክብደት በእግር እየተገፋ ትንፋሽ ሲታፈን የላይኛው ግፊት ከ300 በላይ ሲወጣ ተለክቷል፤ ያውም በጤነኛ ወጣቶች ላይ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ድግግሞሹን ጮክ ብሎ ይቁጠር። እየቆጠረ ትንፋሽ ማፈን አይችልም። የመጀመሪያው ፕሮግራም 4 ወይም 5 ልምምድ ይበቃዋል፦ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ፣ ላስቲክን ወደ ሆድ መሳብ፣ ወንበር ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ ዳምቤል በሁለት እጅ ይዞ አጭር ርቀት መሄድ። በሳምንት 2 ቀን፣ በመሐላቸው ቢያንስ 48 ሰዓት፤ 1 ዙር፣ ከ8 እስከ 10 ድግግሞሽ፣ ቀጥሎም እስከ 15። «ገና 3 ወይም 4 እችላለሁ» በሚልበት ላይ ይቁም። 2ኛው ዙር ከ5ኛው ሳምንት በኋላ ይምጣ። በተከታታይ 2 ቀን ከታቀደው 2 ድግግሞሽ በላይ መሥራት ሲችል ክብደቱ ከ2 እስከ 10 በመቶ ይጨመር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀሩ ነገሮች አሉ፦ ረጅም ፕላንክና ሌላም ሳይንቀሳቀሱ የሚይዙት ልምምድ፣ ከራስ በላይ ከባድ ክብደት መግፋት፣ ከወለል ተነሥቶ ወዲያው መቆም። ዳምቤሉን እስኪጨንቀው አጥብቆ መጨበጥም ግፊት ያወጣል፤ እጁን ያላላ።

የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ምን ይለያል?

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ከልምምዱ በፊት የደም ስኳሩን ይለካ። ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ወስዶ፣ ቆይቶ፣ ደግሞ ለክቶ ይጀምር። ከ90 እስከ 250 ያለው ለመሥራት ተስማሚ ነው። ከ250 በላይ ሆኖ በሽንት ወይም በደም ኬቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር ውጤት) ከታየ አይሠራም፤ እንቅስቃሴው ስኳሩንና ኬቶኑን ይበልጥ ሊያወጣው ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በልምምድ ምክንያት አደገኛ ደረጃ የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በመሐሉ ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተወናበደ ወይም ያለ ምክንያት ከተቆጣ ያቁሙትና ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር (ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ) ይስጡት፤ 15 ደቂቃ ጠብቀው ደግመው ይለኩ። መለኪያ ከሌለ ስኳሩን መስጠት ይሻላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ድንገተኛ ሕክምና ይጠራል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጡንቻ የተጠቀመበትን ስኳር ለሰዓታት መልሶ ስለሚሞላ፣ መውረዱ ከልምምዱ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊመጣ ይችላል። አመሻሹ ላይ የሠራ ሰው ሌሊት ተኝቶ ሊወርድበት ይችላል። አዲስ ፕሮግራም ሲጀመር የጠዋት ወይም የቀን ሰዓት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ኢንሱሊኑን ታፋው ላይ ወግቶ ወዲያው የሚሄድ ወይም ሳይክል የሚነዳ ከሆነ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

እግሩ በፊትም በኋላም ይታይ። ነርቩ የደከመ ሰው ጫማው ሲያቆስለው አይሰማውም። የተከፈተ ቁስል ካለ የእግር ጉዞው ይቆምና ቁስሉን ሐኪም ያያል፤ እስኪድን ተቀምጦ በእጅ ይሠራል። የዓይን ጀርባው አዲስ ደም ሥር ያበቀለበት ወይም የደማበት ሰው የዓይን ሐኪም እስኪፈቅድለት ከባድ ክብደት፣ ዝላይና ራስን ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ልምምድ አይሠራም። በ2ኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንቅስቃሴው ለኢንሱሊን የሚሰጠው እገዛ ስለሚጠፋ ከ2 ተከታታይ ቀን በላይ ባያቋርጥ ይመረጣል። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መሄድም ከምግቡ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ ያለዝባል።

ጉልበቱን ያመዋል። ይረፍ?

ሙሉ በሙሉ ማረፍ ታፋውን ያደክመዋል፤ የደከመ ታፋ ደግሞ ሸክሙን ለጉልበቱ ይተዋል። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይንገርዎት። እስከ 4 ያለ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት የሚመለስ ሕመም ይታገሡታል። ከዚያ ካለፈ ወይም ካበጠ ልምምዱን አይሰርዙ፤ ያሳንሱት፦ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉ፣ ቁልቁለት ይተዉ፣ ጉዞውን በማይንቀሳቀስ ሳይክል ወይም በውኃ ውስጥ እንቅስቃሴ ይተኩ። ወገቡን ያመመው ሰው እግሩ ከደከመ፣ በመቀመጫው ዙሪያ ከደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ወዲያው የሚያስቆሙ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

ደረትን የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ስሜት፤ ወደ መንጋጋ፣ ትከሻ ወይም ክንድ የሚሄድ ሕመም፤ ከሚሠራው ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር፤ ማዞር፤ ቀዝቃዛ ላብ፤ የተዛባ የልብ ምት፤ የንግግር መንተባተብ ወይም የፊት መጣመም። ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የልብ ችግር ሲደርስባቸው የደረት ሕመም ሳይሰማቸው ማቅለሽለሽ፣ ከባድ ድካም ወይም ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይባቸው ይችላል።

ያቁሙት፣ ያስቀምጡት፣ ለድንገተኛ ሕክምና ይደውሉ። ናይትሮግሊሰሪን የታዘዘለት ከሆነ እንደታዘዘው ይውሰድ። ራሱ መኪና ነድቶ እንዲሄድ አይፍቀዱ፤ ብቻውንም አይተዉት። የልብ ማስነሻ መሣሪያው የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሚደውል፣ በሩን ማን እንደሚከፍት ቀድሞ የተወሰነ ይሁን።

በማግስቱ መላ አካሉን አመመው። ጤናማ ነው?

ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ የሚጠነክርና የሚያልፍ የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው፤ ለጀማሪ ግን ደረጃ መውረድ እስኪያቅተው መድረስ የለበትም። ከባድ ሕመም ከእብጠትና እንደ ሻይ ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ የጡንቻ መፍረስ ሊሆንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሁለቱም ጎን የማይለቅ የጡንቻ ሕመም ካለውም ለሐኪሙ ይንገር።

ሁለት ወር ሠርቶ ክብደቱ አልቀነሰም። ምን ልበለው?

በሳምንት ከ100 እስከ 150 ደቂቃ መሄድ ብቻውን ብዙ ኪሎ አያስቀንስም፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን መንገር ነበረብዎት። በ8ኛው ሳምንት ከወንበር የሚነሣበትን ብዛት፣ የ6 ደቂቃ ርቀቱን፣ የወገብ ዙሪያውንና የጠዋት ግፊቱን እንደገና ይለኩና ከመጀመሪያው ወረቀት አጠገብ ያስቀምጡለት። 9 ጊዜ ይነሣ የነበረ ሰው 13 ጊዜ ሲነሣ በዓይኑ ያያል።

ከልምምዱ ውጪ ያለው ቀኑስ?

በየ30 ደቂቃው ከመቀመጫው ይነሣ፣ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ይንቀሳቀስ።

ታሞ ወይም ተጉዞ ሳምንታት ቢያልፉትስ?

1 ሳምንት ካለፈው ያቆመበትን ሳምንት ይድገም። 2 ወይም 3 ሳምንት ከሆነ ከደቂቃውም ከክብደቱም ግማሹን ይዞ ይጀምር፤ በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ይመለስ። ከ1 ወር በላይ ከቆየ ከ1ኛው ሳምንት ይነሣል። ትኩሳት ካለበት፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከያዘው እስኪለቀው አይሠራም። ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ፣ መድኃኒቱ ከተለወጠ ወይም በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ክብደቱ በድንገት ጨምሮ እግሩ ካበጠ ግን የቆየበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ሐኪሙ አዲስ ደብዳቤ እስኪጽፍለት ይጠብቃል።